ራስን መከላከል የት ይጀምራል፣ የት ያበቃል?

ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣሉ እንበል። አንደኛው ዱላ ሰነዘረ፤ ሌላው በክንዱ መክቶ ዱላውን ነጠቀው። እስከዚህ ድረስ ሕጉም ህሊናም ከነጣቂው ጋር ናቸው። ባዶ እጁን የቀረው ሰው ፊቱን አዙሮ መሄድ ሲጀምር ግን ያው ዱላ ከኋላ ማጅራቱ ላይ አረፈ። ተከሳሹ ችሎት ፊት የሚለው አንድ ነገር ነው፤ «ቀድሞ የመታኝ እሱ ነው»። እውነቱን ነው፤ ምስክሮቹም ይህንኑ ይናገራሉ። አያድነውም እንጂ። ዳኛው የሚመረምሩት ማን እንደ ቀደመ ብቻ አይደለም፤ ዱላው ማጅራቱ ላይ ባረፈባት ቅጽበት አደጋው ገና ነበረ ወይስ አልፏል የሚለውን ነው።

ራሳቸውን ሲከላከሉ የነበሩ ሰዎች ወደ ወንጀለኛነት የሚሻገሩት አብዛኛውን ጊዜ በዚህች በሁለተኛዋ ምት ነው። የመጀመሪያዋ ምት አደጋ ትመልሳለች፣ ሁለተኛዋ ቂም ትወጣለች። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ከአንድ ትንፋሽ ላይበልጥ ይችላል፤ የቅጣቱ ልዩነት ግን ዓመታት ነው።

ሕጉ የሚጠይቀው

በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ጉዳዩን «ሕጋዊ መከላከል» በሚል ርእስ በአንቀጽ 78 ይዞታል። ራስንም ሆነ ሌላን ሰው ለመከላከል የተፈጸመ ድርጊት የማያስቀጣው ጥቃቱ ወይም ዛቻው ሕገ ወጥ ከሆነ፣ ወዲያው የሚደርስ ከሆነ፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል ከሆነና መከላከያው ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ከሆነ ነው። አራቱም አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ሦስቱ ተሟልተው አንዱ ከጎደለ አንቀጽ 78 ሙሉ ጥበቃ አይሰጥም።

ሕገ ወጥነት ብዙ አያከራክርም። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይዞ የመጣን ፖሊስ ወይም የፍርድ አፈጻጸም ሠራተኛ በዱላ መመለስ መከላከል አይባልም። ትእዛዙ ስሕተት ነው ብለው ቢያምኑ እንኳ መንገዱ አቤቱታ ነው።

«ወዲያው የሚደርስ» የሚለው ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። «ነገ ገበያ ላይ አገኝሃለሁ፣ አንተን ሳልገድል አላድርም» ያለን ሰው ዛሬ ማታ ቤቱ ድረስ ሄዶ መምታት መከላከል አይደለም፤ ዛቻው የቱንም ያህል እውነት ቢሆን ፖሊስ ዘንድ ለመሄድ ጊዜ አለና። ዛቻ ራሱ በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቃሉን እና የሰሙትን ሰዎች ስም ጽፈው ያስመዝግቡ። በስልክ የመጣ የጽሑፍ መልእክት ከሆነ አያጥፉት። ይህ መዝገብ ዛቻው ነገ እውን ከሆነ ፍርሃትዎ ከየት እንደ መጣ ያስረዳልዎታል።

ጥቃቱ ካለፈ በኋላም እንዲሁ ነው። አጥቂው ከሸሸ፣ ከወደቀ፣ መሣሪያውን ከጣለ ወይም ገላጋይ ከያዘው «ወዲያው የሚደርስ» የሚባል ነገር የለም። ኦሪት ዘጸአት 22 ላይ ሌሊት ቤት ሲሰረስር ተገኝቶ የተመታ ሌባ ደሙ በመቺው ላይ የለም፣ ፀሐይ ከወጣች ግን ደም አለበት የሚለው ልዩነት ከዚሁ ነጥብ ጋር ይቀራረባል። በጨለማ ማን እንደ ገባ፣ ምን እንደያዘ፣ ምን እንዳሰበ አይታወቅም፤ ብርሃን ሲሆን ግን ይታያል፣ ጎረቤትም ይደርሳል።

ዱላውን ቀምቶ መያዝ እና መምታት ሁለት ነገር ናቸው። የተቀማ ዱላ ወደ ሩቅ ይወርወር ወይም ይዞ ወደ ኋላ ይራቁ፤ «አቁም፣ አልመታህም፣ ሂድ» ብለው ሰው እንዲሰማ ይጩኹ። ጩኸቱ አጥቂውን ያስቆመዋል፤ ባያስቆመውም ምስክር ያመጣል።

መሸሽ ነውር ነው ወይ?

ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። «ወንድ ልጅ ጀርባውን አያሳይም» በሚባልበት አገር አድገናል፤ ይህ አባባልም ብዙ ቤት አፍርሷል። ሕጉ «ሽሽ» የሚል ቃል አልጻፈም። «በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል» ብሎ ግን ጽፏል። ዳኛው ደግሞ በሩ ክፍት ነበር ወይ፣ ሰው በአቅራቢያው ነበር ወይ፣ መጮህ ይቻል ነበር ወይ ብለው ይጠይቃሉ። በሩ ክፍት ሆኖ ክብር ነክቶት የቆመ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልስ ያጣል።

መሸሽ አደጋውን የሚያከፋ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጅ ያዘለች እናት፣ ምርኩዝ የያዘ አዛውንት፣ ሽጉጥ የተደገነበት ሰው፣ ሲሸሽ ሕፃናትን ትቶ የሚሄድ አባት «ለምን አልሮጥክም» ሊባሉ አይገባም። ይህን ግን ተከራካሪው ራሱ በዝርዝር ማስረዳት አለበት፤ ክፍሉ ስንት በር ነበረው፣ አጥቂው ከየት በኩል ቆሞ ነበር፣ በመካከላቸው ስንት እርምጃ ነበር። «ማምለጫ አልነበረኝም» ብሎ ማለፍ ማንንም አያሳምንም።

መመጣጠን ሲባል

መመጣጠን ማለት ዱላ በዱላ፣ ቡጢ በቡጢ ማለት አይደለም። አንቀጽ 78 የሚያነጻጽረው የአደጋውን ክብደትና ሊጠበቅ የታሰበውን መብት ዋጋ ነው። ግዙፍ ወጣት አንገቷን አንቆ የያዛት ቀጭን ሴት በእጇ ያገኘችውን የሽንኩርት ቢላዋ ብትጠቀም መሣሪያው በለጠ ተብሎ ብቻ ጥፋተኛ ልትባል አይገባም፤ ትንፋሿ ሲቆም ሕይወቷ ነው ሚዛን ላይ ያለው። በተቃራኒው በጥፊ የተመታ ጎልማሳ በቢላዋ ቢመልስ ሚዛኑ ይሰበራል። ዕድሜ፣ ጉልበት፣ የሰው ብዛት፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተመታው የሰውነት ክፍል ሁሉ ይመዘናሉ። እግርን መትቶ ማስቆም ሲቻል ራስ ላይ ማነጣጠር ለብቻው ጥያቄ ያስነሣል።

በቤት ውስጥ ለዓመታት ስትደበደብ የኖረች ሴት ጉዳይ ከሁሉ ያሳዝናል። ባሏ እጁን ባነሣበት ቅጽበት ብትከላከል አንቀጽ 78 አለላት። ተኝቶ ሳለ ብትመታው ግን «ወዲያው የሚደርስ» የሚለው መሥፈርት ይጎድላል፤ ያለፈው በደል ቅጣቱን ሊያቀልል ይችላል እንጂ ነጻ አያወጣትም። ስለዚህ በዚህ ሕይወት ውስጥ ያለች ሴት የሚያውቅ ሰው ካለ ምክሩ አንድ ነው፤ ዛሬ፣ ገና ሳይመሽ፣ ከቤት ትውጣ። በእያንዳንዱ ድብደባ ሐኪም ዘንድ ሄዳ የሕክምና ማስረጃ ትያዝ፣ ፖሊስ ዘንድም ታስመዝግብ። የሽማግሌ ዕርቅ ብቻውን ማስረጃ አይተውም።

ንብረት ሲነካ

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1148 ለባለ ይዞታ ግልጽ መብት ይሰጠዋል። ይዞታውን የሚነጥቀውን ወይም ሁከት የሚፈጥርበትን በኃይል መመለስ ይችላል፤ በጉልበት ወይም በስውር የተወሰደበትንም ወዲያውኑ፣ ወሳጁን እጅ ከፍንጅ ይዞ ወይም ሲሸሽ ተከትሎ ማስመለስ ይችላል። እዚያው አንቀጽ ላይ ግን ሁኔታው ከሚፈቅደው በላይ ኃይል መጠቀም ተከልክሏል። በግ ይዞ የሚሮጥን ሌባ ተከትሎ መያዝና ለፖሊስ ማስረከብ ይፈቀዳል። በጥይት መጣል አይፈቀድም፤ በግ በሰው ሕይወት አይመዘንም። የተያዘን ሌባ አስሮ መደብደብማ ከመከላከል ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቢሳተፍም እያንዳንዱ በየራሱ ይጠየቃል።

አጥር ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ መልቀቅ ወይም ማሳ ዙሪያ ወጥመድ መደበቅ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ገመድ ሌባን ከጎረቤት ልጅ አይለይም፣ አደጋ መኖሩንም አያይም። ኳሱን ሊያወጣ አጥር የነካ ልጅ ቢሞት «ለሌባ ነበር» የሚል መልስ የሚቀበል ችሎት የለም።

የቆየ የይዞታ ጠብ ከሆነ «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ መክሰስ ይቻላል። ይዞታው በተነጠቀ ወይም ሁከቱ በተፈጠረ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ ግን ክሱ በይርጋ ይታገዳል።

በስሕተት የሆነ መከላከል

ሌሊት 8 ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ባለቤቱ ሌባ መስሎት በሩን ከፍቶ በገጀራ መታ፤ የተመታው ሰክሮ ቤት የተሳሳተ ጎረቤት ሆኖ ተገኘ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 80 መሠረት ሰውዬው የሚዳኘው ሁኔታውን በተረዳበት መንገድ ነው። ነገር ግን ጥቂት ጥንቃቄ ቢያደርግ ስሕተቱን ማስቀረት ይችል ከነበረ በቸልተኝነት ይጠየቃል። ስለዚህ በር ሳይከፍቱ «ማነው?» ይበሉ፤ የውጭ መብራት ያብሩ፤ ጎረቤት ይጥሩ። የተዘጋ በር ከማንኛውም ገጀራ የተሻለ መከላከያ ነው።

መስመሩ ከታለፈ

አንቀጽ 79 በዚህ ረገድ ሰብአዊ ነው። መከላከሉ ከመጠን ካለፈ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን በመሰለው መጠን ያቀልላል። ማለፉ የመጣው ጥቃቱ ባስከተለው ድንጋጤ፣ ፍርሃት ወይም የስሜት መናወጥ ከሆነና ይህም ይቅር የሚባል ከሆነ ጨርሶ ላይቀጣም ይችላል። ሰው ከሞተ ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። በአንቀጽ 540 ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። የመከላከልን ወሰን በማለፍ የተፈጸመ ግድያ ግን በአንቀጽ 541 ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ነው የሚያስቀጣው። የክሱ አንቀጽ በዋስትና ላይም ለውጥ ያመጣል፤ በ540 የተከሰሰ ሰው በዋስ ወጥቶ መከራከሩ እጅግ ከባድ ነው።

መሣሪያው ሕገ ወጥ ከሆነ ሌላ ክስ አለ። መከላከሉ ተቀባይነት ቢያገኝ እንኳ ፈቃድ የሌለው ሽጉጥ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ለብቻው ያስጠይቃል።

ከድርጊቱ በኋላ ባሉት ሰዓታት

መጀመሪያ የተጎዳውን ይርዱ፤ አጥቂዎ ቢሆንም። በሚደማው ቦታ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አድርገው አጥብቀው ይጫኑ፣ አምቡላንስ ይጥሩ ወይም መኪና ያስቁሙ። ከሰብአዊ ግዴታው በላይ ሕጋዊም ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 መርዳት እየቻለ በአደገኛ ሁኔታ ላይ ያለን ሰው ትቶ የሄደ ይቀጣል፣ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ከሆነ ደግሞ ይከብድበታል። መቅረቡ ለሕይወትዎ የሚያሰጋ ከሆነ ርቀው ቆመው ሰው ይጥሩ።

ቀጥሎ እጅ መስጠት ነው። መሸሽ የጥፋት ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ የዘመድ ቤት መደበቅም ዘመድን ያስጠይቃል። ዱላውን፣ ቢላዋውን አያጥቡ፣ ከቦታውም አያንሡ። የለበሱትን ልብስ አይቀይሩ፤ የተቀደደ ኮሌታና የደም ነጠብጣብ ስለ እርስዎ ይመሰክራሉ። እርስዎም ከተጎዱ በዚያው ቀን ይታከሙና የሕክምና ማስረጃ ይጠይቁ። አንገት ላይ ያለ የጣት ምልክት፣ ክንድ ላይ ያለ የመከታ ሰንበር በጥቂት ቀን ይጠፋል፤ ከጠፋ በኋላ የሚያምንዎት የለም። ፎቶግራፍ ያንሡ፣ ቀኑ እንዲታወቅ ያድርጉ። ካየው ሰው ሁሉ ስምና ስልክ ይያዙ፤ አጥቂውን የሚወድ ምስክር እንኳ «ቀድሞ የሰነዘረው እሱ ነው» ማለቱ ለእርስዎ ይጠቅማል።

ፖሊስ ጣቢያ ሲደርሱ ማንነትዎንና ድርጊቱ ራስን በመከላከል መፈጸሙን ይናገሩ፤ ዝርዝሩን ከጠበቃ ጋር ከተነጋገሩ በኋላ ይስጡ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት አለዎት፣ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት መቅረብ አለብዎት፤ ለጉዞ የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ አይቆጠርም። ጠበቃ ማቆም ካልቻሉ ችሎቱን መንግሥት እንዲያቆምልዎ ይጠይቁ። ቃልዎ ከመፈረሙ በፊት ይነበብልዎ፤ ያላሉት ቃል ካለ ይታረም። «ተናድጄ መታሁት» እና «ሊመታኝ ሲመጣ መታሁት» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሁለት የተለያዩ አንቀጾች ናቸው። እውነቱ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፤ ያልሆነውን ሆነ ማለት ግን አያዋጣም። ቁስሉ ከፊት ይሁን ከኋላ ሐኪሙ ይጽፈዋል።

ድርጊቱን ፈጽሜአለሁ፣ ግን ራሴን ስከላከል ነው የሚል ተከሳሽ ይህንን በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ተከላከል የሚል ብይን (ፍርድ ቤቱ ተከሳሹን መከላከያህን አቅርብ የሚልበት ውሳኔ) እስኪሰጥ ከተጠበቀ ምስክሩ ቦታ ይለቃል ወይም ይረሳል፤ የመከላከያ ምስክሮችን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ያሰባስቡ።

ሽማግሌ መላክና ደም ማድረቅ በብዙ አካባቢ የተለመደ ነው፤ የበቀልን ሰንሰለት ስለሚበጥስም ዋጋው ትልቅ ነው። የግድያ ክስን ግን አያቋርጥም። ቢሆንም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መጸጸት፣ ተጎጂን መርዳት፣ እጅ መስጠትና ጉዳትን መካስ ቅጣት ያቀልላሉ። የዕርቁ ስምምነት በጽሑፍ ይሁን፣ ሁለቱም ወገኖችና ሽማግሌዎቹ ይፈርሙበት፣ የተከፈለው ካሳ መጠንና ቀን ይጻፍበት፤ ፍርድ ቤቱ የቅጣት አስተያየት ሲጠይቅ ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ ለጠበቃው ይሰጥ።