ስሟ ያልታወቀ፣ አበባ የሌላት ኦርኪድ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ዘመዴ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር ሲመለስ ኦርኪድ ይዞልኝ መጣ። አበባዋ ረግፏል፣ ስም የተጻፈበት ወረቀትም የለም። ያላት አራት ወፍራም ቅጠልና ከዕቃዋ ወጥተው የተንጠለጠሉ ብርማ ሥሮች ብቻ ነው። በሦስት ወር ውስጥ ሞተችብኝ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ትልቁ ስህተቴ አፈሩ ነበር። ከጓሮ ጥቁር አፈር ሞልቼ፣ ፍግ ጨምሬ ተከልኳት። ለጽጌረዳ የሚስማማው ለእሷ አይሆንም። ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ ኦርኪዶች በተፈጥሯቸው ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። ዛፉን መቆሚያ ያደርጉታል እንጂ ምግቡን አይወስዱበትም። የፋሲል መዋኛን ግንብ አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች አስታውሱ። የእነዚህም ሥር እንዲሁ አየር ላይ ሆኖ ሙጭጭ ብሎ መያዝ ይወዳል። አፈር ውስጥ ሲታፈን ይበሰብሳል። የዛፍ ቅርፊት ቁርጥራጭና በጥቃቅኑ የተሰበረ ከሰል ቀላቅላችሁ፣ ከታች ብዙ ቀዳዳ ባለው ዕቃ ትከሏት።

ሁለተኛው ስህተት የቅጠሏን ፎቶ አንስቶ ስም ፍለጋ መሮጥ ነው። በዓለም ላይ ወደ 28,000 የሚጠጉ የኦርኪድ ዝርያዎች አሉ፤ ሰው ያዳቀላቸው ደግሞ ከ100,000 ይበልጣሉ። የስልክ አፕ በቅጠል ብቻ የሚነግራችሁ ግምት ነው። ለእንክብካቤ ግን ወገኗን ማወቅ ይበቃል። ሰውነቷን እዩ። ያበጠ ግንድ የሌላት፣ ሰፋፊ ቅጠሎቿ ግራና ቀኝ የተደረደሩ፣ ሥሯ ወፍራምና ብርማ ከሆነ ፋላኖፕሲስ ሳትሆን አትቀርም። እንደ ሸንበቆ አንጓ ያለው ቀጭን ግንድ ካላት ወደ ዴንድሮቢየም ገምቱ። ያበጠ ግንድ ጫፍ ላይ አንድ ወይም ሁለት ጠንካራ ቅጠል ካለ ካትሊያ ትሆናለች። እንቁላል የመሰሉ እብጠቶች ተጠጋግተው፣ ከላያቸው እንደ ሣር የረዘመ ቅጠል ከወጣ ሲምቢዲየም ነች።

ይህን መለየት የሚጠቅመው በተለይ ለብርዱ ነው። ሁሉንም አንድ ቦታ ማስቀመጥ ሦስተኛው ስህተት ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ፋላኖፕሲስ ከ15 ዲግሪ በታች አይመቻትም፤ ማታ ማታ ከመስኮቱ አርቋት። ሲምቢዲየም ግን አበባ ለማውጣት ቀዝቃዛ ሌሊት ትፈልጋለች። በረንዳ ላይ ተዉአት። የቀትር ፀሐይ ግን ሁሉንም ያቃጥላል፣ የጠዋቷ ትበቃለች።

ውኃን በቀን ቆጥሮ ማጠጣትም ብዙ ተክል ይገድላል። በክረምት ዕቃው ቶሎ አይደርቅም፣ በበጋ ግን ቶሎ ይደርቃል። የፋላኖፕሲስን ሥር እዩ፤ አረንጓዴ ከሆነ ገና ውኃ አለው፣ ወደ ብርማ ሲመለስ አጠጡ። ጠዋት ይሁን። በቅጠሎቿ መሃል ውኃ ከቆመ በጨርቅ አድርቁ፤ ልቧ የሚበሰብሰው ከዚያ ነው።

ቅጠል የረገፈበትን ግንድ ሞቷል ብላችሁ አትቁረጡ። ዴንድሮቢየም ላይ ራቁቱን የቆመ ግንድ ውኃና ምግብ ያከማቻል፣ አንዳንዴም የሚያብበው እሱ ነው። ከዕቃው የወጡትን ሥሮችም ተዉአቸው።

አበባ የለም ብሎ መጣልማ ያሳዝናል። ብዙዎቹ በዓመት አንዴ ነው የሚያብቡት፤ ፋላኖፕሲስ ሁለት ሦስት ወር ካበበች በኋላ ቅጠልና ሥር ወደ ማውጣት ትመለሳለች። ጥፍር የመሰለ አረንጓዴ ቡቃያ በቅጠሎቿ ሥር ብቅ ሲል ግን ዕቃውን አታዟዙሩ፣ ወደ ብርሃን እያየች ትደግ። ስትፈነዳ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑንም ዕቃው ላይ ጻፉ። ስሟን የምትጠይቁት ያኔ ነው።