አሮጌ ፒካፕ ነዳጅ ስትጠጣ ከየት ይጀመራል?

የእኔዋ በፈረንጅ የ1995 ሞዴል ሃይሉክስ ናት። ደብል ጋቢና፣ ባለ 2.8 ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ መካኒኮች «ስሪ ኤል» የሚሉት። ቱርቦ የላትም፣ ኮምፒውተር የላትም፣ የሚበላሽባት ነገር ሁሉ በእጅ የሚነካ ነው። ለዚህም ነው የማልሸጣት። ነዳጅ ግን ትጠጣ ነበር። ናፍጣ ርካሽ እያለ ማን ይቆጥራል? ሊትሩ ከ100 ብር ሲያልፍ ነው ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳሁት። በአንድ ሊትር 7 ኪሎ ሜትር ተኩል!

አሁን 10 ገደማ ትሄዳለች። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ከ133 ሊትር ወደ 100 ሊትር ወረደ ማለት ነው። ሊትሩን 100 ብር ብቻ ብለን ብናስብ እንኳ 3,300 ብር ኪስ ውስጥ ቀረ። ለዚህ ብዬ ሞተር አላወረድኩም፣ ከውጭ ያስመጣሁት ዕቃም የለም። አብዛኛው የተበላሸ ሳይሆን የተረሳ ነገር ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ «ይቅርባት» ተብሎ የተነቀለ።

መጀመሪያ ለኩ። «በጣም ትበላለች» ማለት ልኬት አይደለም። የነዳጅ ጌጁንም አትመኑት፤ የእኔው ግማሽ ላይ ሁለት ቀን ተጎልቶ ይቆይና ከዚያ ባንዴ ይወድቃል። ማደያ ግቡ፣ መቅጃው በራሱ ቀጭ ብሎ እስኪያቆም ድረስ አስሞሉ፣ «ትንሽ ጨምርልኝ» አትበሉ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንሱ። ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር ንዱና እዚያው ማደያ፣ ቢቻል እዚያው ማሽን ላይ፣ ተመልሳችሁ አስሞሉ። የነዳችሁትን ኪሎ ሜትር አሁን ለገባው ሊትር አካፍሉት፤ አለቀ። ደረሰኝ የሚጠፋባችሁ ከሆነ በቴሌብር ስትከፍሉ የሚመጣው መልእክት ላይ ቀኑና ብሩ አለ፣ በዕለቱ ዋጋ ስታካፍሉት ሊትሩ ይወጣል። እኔ የአራት ወር ሂሳቤን ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ልኬት ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው ጎማ ነው። 205 በ16 የነበረውን አውልቃችሁ 265/70 ካስገባችሁ ጎማው በቁመት ስለሚበልጥ ቆጣሪው 100 ሲል እውነተኛው መንገድ 105 ገደማ ነው፣ ስለዚህ ካለው በላይ የምትበላ ትመስላችኋለች። ሁለተኛው ደግሞ ቁልቁለት ነው። «አዳማ ስሄድ በሊትር 13 ሰጠችኝ» የሚል ሰው ታውቃላችሁ? እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች፤ ሲወርድ ስበት እየገፋለት ነው የሄደው። አንድ ባዶ ፒካፕ ያንን ከፍታ መልሶ ለመውጣት ብቻ፣ በእኔ ስሌት፣ አንድ ሊትር የሚጠጋ ናፍጣ ተጨማሪ ያወጣል። ስለዚህ ሁልጊዜ ደርሶ መልስ ለኩ። ደግሞ አንድ ነገር ቀይሩና ለኩ፣ ሌላውን ቀይሩና ለኩ። አምስት ነገር ባንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም።

አሁን ወደ መኪናዋ። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ፍሬኑን እዩ። ማንም መጀመሪያ የሚያየው ነገር አይደለም፣ እኔም አላየሁትም ነበር። አንድ ቀን በፍጥነት መንገዱ ሄጄ ሞጆ ላይ ሻይ ለመጠጣት ወጣሁ። ከመኪናው ስወርድ የተቃጠለ ሽታ አፍንጫዬን ነካው። በእጄ ጀርባ አራቱንም ቸርኬ አንድ በአንድ ነካሁ። ሦስቱ ለብ ያሉ ናቸው። የኋላውን ቀኝ ስነካ እጄን መልሼ ነጠቅኩ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ መያዣው ውስጥ ዝጎ አልመለስ ብሎ ኖሮ፣ ለስንት ወር እንደሆነ እንጃ፣ ፍሬን ይዤ ነበር የምነዳው። ገመዱ ተቀየረ፣ ታምቡሩ ተከፍቶ ጸዳ፣ ሸራው ተስተካከለ። በሚቀጥለው ልኬት 8.6።

እናንተም እንዲህ ሞክሩት፤ ፍሬን እምብዛም ሳትነኩ 20 ደቂቃ ንዱ፣ ቁሙና ቸርኬዎቹን አወዳድሩ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይ ፍሬን ይዟል ወይ ኩሽኔታው እየሞተ ነው። ቀጥሎ ሜዳ ላይ አቁሙና ሌሎቹ ጎማዎች ስር ታኮ አድርጉ፣ በክሪክ አንሱት፣ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩት። የፊቱ ሁለት ዙር እንኳ ሳይሄድ ቀጥ ካለ ጉዳይ አለ። የኋላው ዲፈረንሻል ስላለው ትንሽ ይከብዳል፣ ያ አያስደንግጣችሁ።

እዚያው ጎንበስ እንዳላችሁ፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል (አራቱም ጎማ የሚጎትት) ከሆነችና የፊት ቸርኬው መሃል በእጅ የሚዞር መቆለፊያ ካለ፣ «ፍሪ» ላይ መሆኑን እዩ። ክረምት ጭቃ ላይ «ሎክ» አድርገው ረስተው እስከ መስቀል አስፋልት ላይ የሚነዱ ሰዎች አውቃለሁ። የፊት አክስሉንና ዲፈረንሻሉን በከንቱ እያሽከረከሩ ነው።

የጎማ ንፋስ ሁሉም ይሰብከዋል፣ ማንም አያደርገውም። ሾፌር በኩል በሩ ሲከፈት ወይም መመሪያው ላይ ባዶ ስትሆንና ጭነት ስትይዝ የሚያስፈልገው ተጽፏል። ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። የጎሚስታው ጌጅ መሬት ላይ ስንቴ እንደወደቀ ስለማይታወቅ የራሳችሁን ትንሽ ጌጅ ግዙ። መሪው ወደ አንድ ጎን የሚስብ ከሆነ ወይም የፊት ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ የሚበላ ከሆነ ደግሞ አላይመንት አሠሩ። ያ ጎማ እየተንከባለለ ሳይሆን እየተጎተተ ነው።

አሁን ወደ ጭሱ እንምጣ፣ ዋናው ነገር እዚህ ነው። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የምትለቅ ናፍጣ መኪና በደንብ ያልተቃጠለ ነዳጅ ነው የምትለቀው። ወይ አየሩ አንሷል ወይ ናፍጣው በዝቷል ወይ ናፍጣው በደንብ አልተረጨም። ሦስቱን በዚሁ ተራ እዩ፣ ምክንያቱም ከርካሹ ወደ ውዱ ነው የተደረደሩት።

አየር። ፊልትሮውን አውጡና ወደ ፀሐይ አቅንታችሁ ከውስጥ በኩል እዩት። ብርሃን ካላሳለፈ መኪናዋ በአፍንጫዋ ላይ ፎጣ አድርጋ ነው የምትሮጠው። በኮምፕሬሰር ሲጸዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራውን መልሶ ወረቀቱ ውስጥ መቅበር ነው። ግፊቱም ለዘብ ይበል፣ ወረቀቱ ከተቀደደ አቧራው ቀጥታ ሞተር ውስጥ ይገባል። ፒስታ መንገድ የሚበዛባችሁ ከሆነ በየሳምንቱ ክፈቱት።

ናፍጣ መብዛት። ይህ በተለይ አዲስ አበባና ከዚያ በላይ ላለን ሰዎች ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚስበው። ናፍጣውን ለክቶ በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ፖምፓ ግን ይህን አያውቅም (አንዳንዱ ፖምፓ ላይ ከፍታን የሚያመዛዝን መሣሪያ አለ፣ ብዙዎቹ ላይ የለም)፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተለካውን ናፍጣ እዚህም ይረጫል። በዚያ ላይ የእኛ ሰው አለ። ፖምፓው ከኋላ በኩል የነዳጁን ጣሪያ የምትወስን አንድ ቪቴ አለችው። ፋብሪካው ያሸጋታል። «ጉልበት አነሳት» ስትሉት አንዱ መካኒክ ማሸጊያዋን ሰብሮ ሩብ ዙር ያጠብቃታል። መኪናዋ በእርግጥ ትንሽ ትፈጥናለች፣ እናንተም ትደሰታላችሁ፣ ከዚያ ለዓመታት ትከፍላላችሁ። የእኔዋ ተነካክታ ነበር። በቤታችሁ አትሞክሩት፣ የፖምፓ ማሽን ያለው ቤት ወስዳችሁ አስለኩ፣ የመርጫ ሰዓቷንም፣ ማለትም ናፍጣው መቼ እንደሚረጭ፣ አብረው ያዩላችሁ። ጭሱ ዳገት ላይ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ብቻ ጭጋግ ያህል መታየት አለበት።

ኖዝል። ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨው ጫፍ ነው። ወጥቶ መፈተሻ ላይ ሲጫን እንደ ጉም መርጨት አለበት። እንደ ተበላሸ ቧንቧ ጠብ ጠብ ካለ ወይም ወደ አንድ ጎን ከተፋ ጊዜው አልፏል። ሲፈተሽ አጠገቡ ቁሙ፣ በዓይናችሁ እዩት፤ «አራቱም ሞተዋል» ተብዬ ሁለቱ ደህና ሆነው ያገኘሁበት ቀን አለ። እጃችሁን ግን ከመርጫው አርቁ፣ ግፊቱ ቆዳ ይበሳል። በዚያው ከኖዝሎቹ ትርፍ ናፍጣ የሚመልሱት ትንንሽ ጎማዎች ደርቀው እንዳያልቡ እዩ። ጠብታው ከሞተሩ ሙቀት ላይ ስለሚደርቅ ዓይን ያታልላል፤ አቧራ የያዘ ዘይታም ቦታ ካያችሁ ያ ነው።

ከፖምፓውና ከኖዝሉ በኋላ 9.4 ደረስኩ።

የተነቀለ ነገር ያልኩት ቴርሞስታት ነው። አገራችን ሞተር ሲሞቅ መጀመሪያ የሚደረገው ይሄን አውጥቶ መጣል ነው፣ ለምን እንደሆነ ሊገባኝ አይችልም። ቴርሞስታት ውኃው 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይይዘዋል። ከሌለ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ በብርዱ ጠዋት ጭራሽ አይሞቅም፤ የቀዘቀዘ ሞተር ደግሞ ዘይቱ ወፍራም ነው፣ ናፍጣውም በደንብ አይነድም። ለግማሽ ሰዓት ነድታችሁ የሙቀት መርፌው ከታች ካልተነሳ ጠርጥሩ። ግን ቀድሞውን ያስነቀለው ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የተደፈነ ራዲያተር ነው፤ እሱን ሳታስጠርጉ ቴርሞስታት ብትመልሱ ተመልሶ ይሞቃል።

አነዳድ ላይ ብዙ አልልም፣ አንድ ነገር ግን ልከራከር። ፎሌ። ቁልቁለት ሲመጣ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ሾፌር ከጎሃ ጽዮን እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ሞልቷል። አይቆጥብም። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ እግራችሁን ከነዳጁ ስታነሱ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው፣ ፖምፓውም ናፍጣውን ይዘጋል። በፎሌ ስትለቁ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ በራሱ ነዳጅ ይበላል። ማለትም እየከፈላችሁ ነው ያለ ሞተር ፍሬን የምትወርዱት። ያ ሁሉ ገደል ላይ ሸራው ሲግል ምን እንደሚሆን ለመንገዱ ሰው አይነገርም። ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ደግሞ አለ፣ የፍሬን ማገዣውን አብሮ ነው ያጠፋው።

ሌላው ፍጥነት ነው። ፒካፕ ግንባሯ እንደ ቁም ሳጥን ነው፤ በ110 እና በ85 መካከል ያለው ልዩነት በልኬታችሁ ላይ ወዲያው ይታያል። የማትጠቀሙበትን ፖርቶ መጋላ አውርዱ። የኋላ ስፖንዳውን ከፍቶ መንዳት ንፋስ ያሳልፋል የሚባለው ትክክል አይመስለኝም፣ ዝግ ሲሆን ከኋላ የታመቀው አየር ራሱ ሌላውን ንፋስ በላዩ ያሳልፈዋል። ጭነት ቤቱን ግን አንድ ቀን አራግፉ። እኔ ከመቀመጫው ኋላና ከጭነት ቤቱ ሁለት የተሰበረ ባሌስትራ፣ ግማሽ ከረጢት ሲሚንቶ የደረቀ፣ የማን እንደሆነ የማላውቀው ሰንሰለት አወጣሁ። ጠዋት ጠዋት 15 ደቂቃ ቆሞ ማሞቅም ይቅር፤ አንድ ደቂቃ በቂ ነው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ መንዳት ቶሎ ያሞቃታል።

ቤንዚን ለሆነችባችሁ፣ ካርቡሬተር ያላት ከሆነች፣ ካንዴላውን ንቀሉና ጫፉን እዩ። ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ቾኩ ሳይመለስ ቀርቶ እንደሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ።

ነዳጅ መስመር ላይ የሚታሰር ማግኔትና የሚጨመር ብልቃጥ ገዝቼ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ሁለቱም ልኬቱ ላይ ምንም አላሳዩም። ናፍጣ ላይ ላምባ መቀላቀል ግን ከዚያ የባሰ ነው፤ የዚህ ዓይነት ፖምፓ የውስጥ ዕቃው የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ነው፣ ላምባ ደግሞ ደረቅ ነው። የፖምፓ ማሠሪያ ዋጋ ጠይቁና ከዚያ አስቡበት።

የቀረኝ ቫልቭ ማስለካት ነው። ሰውዬው ቅዳሜ አምጣት ብሎኛል፣ ዓርብ ማታ ሞልቼ ፎቶ አነሳለሁ።