እንሰትን «ሐሰተኛ ሙዝ» ማለትና በሙዝ ቤተሰብ ላይ የሚሠሩ ሌሎች ስህተቶች

ከሐዋሳ ተነሥቶ ወደ ይርጋለም የሚጓዝ እንግዳ በመኪናው መስኮት የሚያየው ሰፋፊ ቅጠል ሁሉ ሙዝ ይመስለዋል። በየጎጆው ጀርባ፣ በቡናው መሃል፣ በአጥሩ ዳር ቆሟል፤ የተንዠረገገ የሙዝ ዘለላ ግን አይታይበትም። እንሰት ነው። ተማሪዎችን ወደነዚህ ጓሮዎች ይዤ ስወጣ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚጠይቁኝም የሚሳሳቱትም ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የመጀመሪያው ነው፤ እንሰትን «ሐሰተኛ ሙዝ» ብሎ መጥራት። ስሙ ከውጭ ቋንቋ ቃል በቃል የተገለበጠ ነው። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመግቦት የሚኖረው ተክል የማንም ሐሰተኛ ሊሆን አይችልም፤ በሥነ ዕፅዋትም ቢሆን አባባሉ ስህተት ነው። የሙዝ ቤተሰብ ሦስት ወገኖች አሉት፦ ሙዝን የያዘው ሙሳ፣ እንሰትን የያዘው ኤንሴቴ፣ በቻይና የሚበቅለው ሙሴላ። ሦስቱ ወንድማማች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ቅጂ አይደለም። «ኤንሴቴ» የሚለው የሳይንስ ስም ራሱ የተወሰደው እኛው «እንሰት» ከምንለው ቃል ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ተክሉን ጎንደር ላይ አይቶ በ1790 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፉ ሥዕሉን ሲያወጣ፣ የሙዝ ዝርያ ነው የሚሉትን ተቃውሞ ጽፎ ነበር። በዓመቱ ግን ግሜሊን የተባለ ሳይንቲስት «ሙሳ ኤንሴቴ» ብሎ ከሙዝ ጋር ደባለቀው። ራሱን የቻለ ወገን ሆኖ የተለየው በ1862 ሲሆን፣ መለየቱ ጸንቶ የተቀመጠው ገና በ1947 ነው። ያን ጊዜ ሌላ ችግር መጣ። ወገኑ ኤንሴቴ፣ የዝርያውም ስም ኤንሴቴ ሲሆን «ኤንሴቴ ኤንሴቴ» ሊባል ነው፤ የዕፅዋት አሰያየም ሕግ ደግሞ እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ ይከለክላል። ስለዚህ ከአንጎላ በተገኘው ናሙና ምክንያት በ1859 የተሰጠው ስም ተወሰደና «ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም» ተባለ። ቬንትሪኮሱም ሆዱ የተነፋ ማለት ነው። የእንሰትን እግር ያየ ሰው ስሙ ለምን እንደተስማማው አይጠይቅም።

ሁለተኛው ስህተት ሙዝንና እንሰትን ዛፍ ማለት ነው። እንጨት የላቸውም፤ ግዙፍ ሣር መሰል ተክሎች ናቸው። ይህን በቃል ከማስረዳት አንድ ጊዜ ማሳየት ይበልጣል። ለቆጮ የተጣለ እንሰት ሲቆረጥ ቁራጩን አንሥታችሁ ተመልከቱ። ግንድ የመሰለው ነገር እንደ ሽንኩርት አንዱ በአንዱ ላይ የተጠቀለለ የቅጠል ሰገባ ነው። እያንዳንዱን ሰገባ ለብቻው ብትገነጥሉት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በትንንሽ ክፍሎች ተከፋፍሎ አየርና ውኃ ይዟል፤ ስትጨምቁት ውኃው በእጃችሁ ላይ ይፈስሳል። እውነተኛው ግንድ ከመሬት በታች ያለው አሚቾ ነው። አበባ የሚያወጣበት ጊዜ ሲደርስ ብቻ ከአሚቾው ተነሥቶ በሰገባዎቹ መሃል ሽቅብ ይወጣል። እንሰት አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ከዚያም ይሞታል።

ሦስተኛው፣ ቅጠል ብቻ አይቶ መፍረድ ነው። ለዳቦ መጋገሪያ ከገበያ የምንገዛውን ኮባ ብዙ ሰው የሙዝ ቅጠል ነው ብሎ ያስባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የእንሰት ነው። አንድ ቀን አንድ ተማሪዬ አንዲት የሲዳማ እናት ጓሮ ቆሞ፣ «እማማ፣ ይኼኛው ሙዝ ነው እንሰት?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ቅጠሉን ተወውና እግሩን እየው። ልጅ አለው?» አሉት። ከዚህ የተሻለ መለያ በየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ አላገኘሁም። ሙዝ ከሥሩ ልጆች ያወጣል፤ እናቲቱ አፍርታ ስትሞት እነሱ ይተኳታል። እንሰት በራሱ ጊዜ ልጅ አያወጣም። ለዚህ ነው ገበሬው አሚቾውን ቆርጦ፣ የመሃሉን ቡቃያ አውጥቶ መልሶ የሚቀብረው፤ ያን ጊዜ ከዙሪያው በርካታ ችግኞች ይፈነዳሉ። ደግሞም የእንሰት እግር ወደ ታች እየሰፋ ሲሄድ የሙዙ ከላይ እስከ ታች ተቀራራቢ ውፍረት አለው። የእንሰት ፍሬ ውስጥ ያለው ዘር ጥቁርና ጠጣር ነው፤ በምንበላው ሙዝ ውስጥ የምናያቸው ነጠብጣቦች ግን ዘር ሳይሆኑ የቀሩ ናቸው።

አራተኛው የስም ጉዳይ ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። የምንበላውን ሙዝ ሁሉ «ሙሳ ፓራዲሲያካ» ብሎ መጻፍ ተለምዷል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊንየስ በ1753 ያን ስም ያወጣው አንድ ዝርያ መስሎት ነው፤ በኋላ የሁለት ዝርያዎች፣ የአኩሚናታና የባልቢሲያና፣ ድቅል መሆኑ ታወቀ። ጥሬውን የምንበላው፣ ካቨንዲሽ የተባለው የሙዝ ዓይነት ደግሞ ከባልቢሲያና ምንም የለበትም፤ ሦስቱም የክሮሞሶም ስብስቦቹ ከአኩሚናታ የመጡ ናቸው። «ካቨንዲሽ ሙዝ» ማለት ይበቃል።

አምስተኛውን ስህተት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባሉ የሆቴል አትክልት ቦታዎች ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። የወፍ ራስ የመሰለ ብርቱካናማና ሰማያዊ አበባ ያለው ስትሬሊትዚያ «የጌጥ ሙዝ» ይባላል፤ ቅጠሉን እንደ ማራገቢያ የዘረጋው የማዳጋስካር ተክል ደግሞ ዘንባባ ይባላል። ሁለቱም ከሌላ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ዘንባባም የሙዝ ቤተሰብም አይደሉም። ዝምድናው ከቤተሰብ ከፍ ብሎ ነው የሚገኘው፤ ስምንት ቤተሰቦች በአንድ ጎራ ይሰበሰባሉ። በዚያ ጎራ ውስጥ እነማን እንዳሉ ስናገር ተማሪዎቼ ማመን ያቅታቸዋል፦ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ኮረሪማ። ቆጮው፣ በክትፎው ቅቤ ውስጥ ያለው ኮረሪማና በወጡ ውስጥ ያለው እርድ፣ ሁሉም በሩቁ ዘመዳሞች ናቸው።

የመጨረሻው ስህተት ገበሬን ያስለቅሳል፤ እንሰቱና ሙዙ የተለያዩ ሰብሎች ስለሆኑ በሽታቸውም የተለያየ ነው ብሎ ማሰብ። የእንሰት አጠውልግ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዛንቶሞናስ በኢትዮጵያ እንሰት ላይ መገኘቱ በ1968፣ ሙዝ ላይ መገኘቱ በ1974 ተመዘገበ፤ በ2001 ኡጋንዳ ሙዝ ላይ ታየ። ለባክቴሪያው ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው። የታመመ እንሰት እግር ሲቆረጥ ቢጫ መግል የመሰለ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ የታመመ ሙዝ ያለጊዜው ይበስላል፣ ሲከፈትም ውስጡ ቡናማ ሆኖ ይገኛል። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ በእሳት ሳይለበለብ ወይም በበረኪና ሳይታጠብ ወደ ጤነኛው መሄድ የለበትም፤ ጓሮው አንድም ይሁን ሁለት፣ ተክሉ ሙዝም ይሁን እንሰት። በሙዙ ዘለላ ጫፍ የሚንጠለጠለውን ሐምራዊ እምቡጥም ነፍሳት እየጎበኙት በሽታውን ያመጡበታል፤ ዘለላው ፍሬ ይዞ ሲያበቃ እምቡጡን ጫፉ መንታ በሆነ እንጨት ጠምዝዞ መስበር ነው፤ ቢላዋ አያስፈልግም።