ያላችሁን ሜዳ ይዛችሁ እንግዳ ወደ ከተማችሁ እንዴት ትስባላችሁ?

ትንሽ ከተማ በስፖርት ቱሪስት ልሳብ ስትል መጀመሪያ የሚታሰባት አዲስ ስታዲየም ነው። ተዉት። ለትንሽ ከተማ ገንዘቡ ያለው ተመልካቹ ጋ ሳይሆን ተጫዋቹ ጋ ነው። ተመልካች አንድ ጨዋታ አይቶ ማታውኑ ይመለሳል። ለሁለት ቀን ውድድር የመጣ የታዳጊዎች ቡድን ግን ያድራል፣ ይበላል፣ ወላጆችንም ያስከትላል። ለዚያ ደግሞ አሁን ያለው ሜዳ ሊበቃ ይችላል።

1. ያላችሁን ለኩ

ሜትርና ደብተር ይዛችሁ ዙሩ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ ሳይቀር። «የኛ ሜዳ ለውድድር አይሆንም» ለማለት አትቸኩሉ። 105 በ68 ሜትር የሚባለው በትልልቅ ውድድሮች የሚፈለገው ልክ ነው እንጂ፣ የእግር ኳስ ሕግ ከ90 እስከ 120 ሜትር ርዝመትና ከ45 እስከ 90 ሜትር ወርድ ይፈቅዳል። 40 በ20 የሆነ የእጅ ኳስ ሜዳ ያለው አዳራሽም፣ ከመስመሩ ውጭ ክፍት ቦታ ካለው፣ በአግድም ሦስት የመረብ ኳስ ሜዳ ሊወጣው ይችላል። ለታዳጊዎች ውድድር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሻወሩ ውሃ አለው? መብራቱ ይሠራል? ቁልፉስ ማን እጅ ነው? የመጨረሻዋን ጥያቄ እንዳትንቋት። ቡድኑ ትጥቁን ተሸክሞ በር ላይ ቆሞ ዘበኛ ፍለጋ ከተኬደ፣ አሰልጣኙ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ከተማ ነው የሚደውለው።

2. አልጋ ቁጠሩ

16 ቡድን፣ በየቡድኑ 20 ሰው፣ 320 ሰው ማለት ነው። ወላጅ ገና አልተቆጠረም። ከተማው ውስጥ ያለው 200 አልጋ ከሆነ 8 ቡድን ጥሩና በደንብ አስተናግዱ።

3. ለከተማችሁ የሚሆነውን ስፖርት ምረጡ

እዚህ ላይ ተፈጥሮም ሀብት ነው። የኬንያዋ ኢተን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ የውጭ አገር ሯጮች ለልምምድ ይሄዱባታል፣ ሳምንታት የሚቆዩም አሉ። እንደሷ ከፍታ ላይ ያለችው የፈረንሳይዋ ፎንት ሮሜ ለ1968ቱ የሜክሲኮ ኦሎምፒክ ዝግጅት ተብሎ በተሠራ ማዕከል እስከ ዛሬ አትሌት ታስተናግዳለች። አሜሪካ ያለችው ሌክ ፕላሲድ ነዋሪዋ ከጥቂት ሺህ አይበልጥም፤ የ1932ቱንና የ1980ውን የክረምት ኦሎምፒክ አዘጋጅታ ግን አላበቃችም፣ በ2023 የዓለም ዩኒቨርሲቲዎች የክረምት ጨዋታዎችን ተቀብላለች። የጠቀማት ማዘውተሪያዎቹን እያደሱ ሥራ ላይ ማቆየት ነው። ከፍታም በረዶም ከሌላችሁ አትጨነቁ፣ አንድ ጥሩ አዳራሽ ለጠረጴዛ ቴኒስና ለቼዝ ይበቃል።

4. መርሃ ግብሩን ለአዳር አውጡት

ገንዘብ የሚገኘውም የሚያመልጠውም እዚህ ጋ ነው። 16 ቡድን በቀጥታ ጥሎ ማለፍ ካጫወታችሁ 15 ጨዋታ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ደግሞ 8 ቡድን ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል። ያንኑ 16 ቡድን በአራት ምድብ ብትከፍሉት የምድብ ጨዋታው ብቻ 24 ይሆናል፣ እያንዳንዱ ቡድንም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጫወታል። የመክፈቻውን ጨዋታ ዓርብ ማታ አድርጉትና ፍጻሜው እሁድ ረፋድ ላይ ይሁን፤ ያኔ ሁለት አዳር አገኛችሁ ማለት ነው፣ ከሩቅ የመጣውም በጊዜ ቤቱ ይገባል። በጨዋታና በጨዋታ መካከል ግማሽ ቀን ክፍት ተዉ። ልጆቹ ያርፋሉ፣ ቤተሰብ ከተማውን ዞር ዞር ብሎ ያያል።

ቀኑን ስትመርጡ ሆቴሎች የሚቀዘቅዙበትን ወቅት ያዙ። በሞቀው ወቅት ካደረጋችሁት የነበረውን እንግዳ በሌላ እንግዳ መተካት ብቻ ነው።

5. አንድ ሰው፣ አንድ ስልክ

አሰልጣኝ ሜዳ ለማስያዝ ሦስት ቢሮ መመላለስ የለበትም። የሁሉንም ሜዳ ቀጠሮ የሚይዝ አንድ ሰው መድቡ። ዋጋውና የክፍያው ሁኔታ በጽሑፍ ይሁን። ሕክምና በቅርብ የት እንዳለም ይኸው ሰው ይወቅ።

መርሃ ግብሩን ለምግብ ቤቶች ቀድማችሁ አድርሱ። የማታው ጨዋታ 4 ሰዓት ላይ የሚያልቅ ከሆነ፣ ያን ሁሉ የራበው ልጅ የሚያስተናግድ ክፍት ቤት ያስፈልጋል።

6. የሰፈሩን ልጅ አታባርሩ

በየቅዳሜው ሜዳውን የሚያጣ ነዋሪ እንግዳውን ቢጠላ አይፈረድበትም። ለነዋሪው የማይነካ ሰዓት ለዩለት። ከኪራዩም የተወሰነውን ለሣሩ፣ ለመረቡና ለሻወሩ ጥገና ብቻ በተለየ ሒሳብ አስቀምጡ። ይህ ካልሆነ ሜዳው በራሱ ውድድር ያልቃል።

7. ከመለያየታችሁ በፊት ጠይቁ

አጭር መጠይቅ ይበቃል፦ ከየት መጣችሁ? ስንት ሌሊት አደራችሁ? በቀን ስንት አወጣችሁ? ስትደምሩ የከተማውን ነዋሪ አታስገቡ፣ ያ ብር ድሮም እዚያው ነበር። የተገኘውን ከጽዳቱ፣ ከዳኛውና ከመብራቱ ወጪ ጋር አስተያዩት። የሚቀጥለውን ዓመት ቀን ደግሞ አሰልጣኞቹ አውቶቡስ ሳይሳፈሩ እዚያው ሜዳ ላይ ተነጋግራችሁ ቁረጡ።