ልጆችን ይዞ ባሕር ማዶ፦ ባህልና ጀብዱ የሞላበትን የቤተሰብ ጉዞ እንዴት እናሰናዳ?

ልጆቹን ይዞ ወደ ሩቅ አገር የሚጓዝ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው ለአዋቂዎች የተዘጋጀ የጉብኝት ዕቅድ ይዞ ልጆቹን ከኋላ በማስከተሉ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ አምስት ከተማ ለማዳረስ በየሁለት ቀኑ ሻንጣ ሲታሰርና ሲፈታ ትንሹ ልጅ ያለቅሳል፣ ትልቁ ያኮርፋል፣ ወላጆቹም ዓመት ሙሉ ያጠራቀሙለትን ቦታ በቅጡ ሳያዩት ይመለሳሉ። ስለዚህ ከአገር ምርጫም ከቲኬት ግዢም በፊት መወሰን ያለበት የጉዞው ፍጥነት ነው፤ ይህም የሚለካው በትንሹ ልጅ እርምጃ ነው።

እኔ የምመክረው አንድ አገር መርጦ፣ በዚያም ሁለት ማረፊያ ብቻ ይዞ፣ አንዱን ለባህልና ለታሪክ፣ ሌላውን ለተፈጥሮና ለጀብዱ ማድረግ ነው። ዮርዳኖስ ለዚህ በጣም ትመቻለች። ናባታውያን ከዓለት ፈልፍለው በሠሯት በፔትራ መግቢያ ላይ ሲቅ የሚባለው 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ጠባብ የገደል መተላለፊያ ይገኛል፤ ልጅ ግራና ቀኙን እያየ በዚያ ሲያልፍ ቆይቶ ከዓለቱ የተፈለፈለው የኻዝነህ ሕንፃ ድንገት ፊቱ ላይ ሲከፈትለት የሚሰማው መደነቅ በቃል ትረካ የሚገኝ አይደለም። አድ-ዴይር (ገዳሙ) ወደሚባለው የፔትራ ሌላ ሕንፃ የሚያወጣው መንገድ ግን ከ800 በላይ ደረጃዎች ስላሉት ለሁለተኛው ቀን ማለዳ ይቆይ። ከዚያ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ በዋዲ ረም በረሃ በድንኳን ማደር ይቻላል። በሞሮኮም መኪና የማይገባባትንና ዕቃ በአህያና በበቅሎ የሚጓዝባትን የፌስን አሮጌ መዲና (ጥንታዊውን የከተማ ክፍል) ከመርዙጋ በረሃ የአሸዋ ክምር ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ሙሉ ቀን ስለሚፈጅ ግን መሐል ላይ አንድ ሌሊት አርፎ መሄድ ይሻላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከልጆች ጋር ለሚወጣ ቤተሰብ ጃፓን ከሁሉም የቀለለች ትመስለኛለች፤ ባቡሩ ሰዓቱን ያከብራል፣ የቧንቧው ውኃ ይጠጣል፣ ከኪዮቶ ቆይታ በኋላም ማጎሜና ጹማጎ የተባሉትን ጥንታዊ የመንገደኛ ማረፊያ ከተሞች የሚያገናኘው 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የጥንት ነጋዴዎችና መንገደኞች ጎዳና ትምህርት ቤት የገባ ልጅ በእግሩ የሚወጣው ነው።

ለልጅ ቃል ከመግባትዎ በፊት የዕድሜ ገደቦችን ያጣሩ። በሩዋንዳና በኡጋንዳ የተራራ ጎሪላዎችን ለማየት ቢያንስ 15 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ በካምቦዲያ የአንኮር ዋት ቤተ መቅደስ ላይኛው ደርብም ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆችን አያስወጡም። ወራት ሙሉ ሲጠብቅ የቆየን ልጅ በር ላይ ደርሶ መመለስ ሙሉ ጉዞውን ያበላሽበታል።

ብዙ ወላጆች ሳያስቡት የሚቀረው ነገር ከፍታ ነው፤ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ፔሩን እንውሰድ። ሊማ በባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ስትሆን ኩስኮ 3,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አውሮፕላኑ ቤተሰቡን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ሊያየው የሚሄደው የኢንካዎች ጥንታዊ ከተማ ማቹ ፒቹ ራሱ ግን 2,430 ሜትር ያህል ላይ ስለሚገኝ ከኩስኮ በብዙ ዝቅ ይላል። ብልኅ ወላጅ እንግዲህ ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል፦ ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ የተቀደሰው ሸለቆ ወደሚባለው ዝቅ ያለ ቦታ በመኪና ይሄዳል፤ ኦያንታይታምቦን በመሰለች ከተማ ጥቂት ሌሊት ያድራል፤ ከዚያ በባቡር ወደ ማቹ ፒቹ ያቀናል፤ ኩስኮን ሰውነት ከለመደ በኋላ ለመጨረሻ ያቆያታል። በጠቅላላው ከ3,000 ሜትር በላይ በሚደረግ ጉዞ የመኝታን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል። ትልቅ ሰው ራሴን አመመኝ ይላል፤ አፉን ያልፈታ ሕፃን ግን የሚናገረው በመነጫነጭ፣ ምግብ እምቢ በማለት፣ እንቅልፍ በማጣትና በማስመለስ ነው። እነዚህ ምልክቶች ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከታዩ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብሎ መያዝ፣ ሽቅብ መጓዙን ማቆም፣ ከባሰበትም ሳይዘገዩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድ ያስፈልጋል። የማቹ ፒቹ መግቢያ ቲኬት በሰዓት የተከፋፈለና በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ቀደም ብሎ መገዛት አለበት፤ ወደዚያው የሚወስደው የኢንካ የእግር መንገድም በየዓመቱ በፌብሩዋሪ ወር ለጥገና ይዘጋል።

ወደ ሐኪም መሄድ ከጉዞው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድሞ ቢሆን መልካም ነው። የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ወር ላልሞላው ሕፃንም ክትባቱ እንደ ወትሮው ስለማይሰጥ፣ በሽታው ወዳለበት አገር የሚደረግን ጉዞ ሕፃኑ እስኪያድግ ማዘግየት ይሻላል። ልጆች ውሻና ዝንጀሮ እንዳይነኩ አስቀድመው ያስተምሯቸው፤ ከተነከሱ ወይም ከተቧጨሩ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ማጠብና በዚያው ቀን ሕክምና ማግኘት የግድ ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን ስለማይቻል። ለተቅማጥ ኦ አር ኤስ (በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የጨውና የስኳር ዱቄት) በቂ አድርጎ መያዝም አይዘንጋ።

ሰነድን በተመለከተ፣ ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር ቀሪ ጊዜ እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ ልጁ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚሄድ ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀቱና የሌላው ወላጅ በሕግ የተረጋገጠ የስምምነት ደብዳቤ ሊጠየቅ ይችላል። የጉዞ ኢንሹራንስ ሲገዙ ውሉ የማይሸፍነውን ክፍል ያንብቡ፤ በወንዝ ጀልባ መንሸራተት፣ ጠልቆ ዋና ወይም ከተወሰነ ከፍታ በላይ መውጣት ብዙ ጊዜ የሚገለለው እዚያ ውስጥ ነው።

ለጀብዱው አስጎብኚ ሲመርጡ ከዋጋው በፊት በልጁ ልክ የተሠራ የመንሳፈፊያ ጃኬትና የራስ መከላከያ ቆብ መኖሩን፣ አየሩ ሲከፋ ጉዞውን ይሰርዙ እንደሆነ ይጠይቁ። ጃኬቱ ሰፍቶ በጭንቅላቱ የሚወልቅ ከሆነ ቅድሚያ ክፍያው ቢቀርም እንኳ ልጁን ጀልባው ላይ አያሳፍሩት።

ባህልን ማክበር ልጅ የሚማረው ምክንያቱ ሲነገረው ነው። በታይላንድ የሰው ራስ እንደ ክቡር አካል ስለሚታይ የሌላ ሰው ራስ መንካት ነውር ነው፤ እግርን ወደ ቡድሃ ሐውልት መዘርጋትም እንደዚያው። በአውስትራሊያ የኡሉሩን ዓለት መውጣት እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 26 ቀን 2019 ጀምሮ ተከልክሏል፤ የአገሩ ባለቤቶች የሆኑት አናንጉዎች ቦታው ቅዱስ ስለሆነ አትውጡት ብለው ለዓመታት ሲለምኑ ቆይተው ነበር። በምትኩ 10 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ዙሪያውን በእግር መዞር ይቻላል፤ ዓለቱን ለምን እንደማንወጣ እየነገሩት የሚዞር ልጅ ከሌላ ሰው እምነት ጋር በጥሩ መንገድ ይተዋወቃል። ከመነሳታችሁ በፊትም ሰላምታን፣ ምስጋናንና ከአንድ እስከ አሥር መቁጠርን በዚያ አገር ቋንቋ አብራችሁ አጥኑ፤ ፎቶ ከማንሳት በፊት ፈቃድ የሚጠይቅበትን ቃልም ልጁ ራሱ ይልመደው።

በየቀኑ አንድ ትልቅ ነገር ብቻ ይበቃል፤ እሱም ጠዋት ላይ ይሁን፤ ከሰዓት በኋላ ለእንቅልፍ፣ ለዋና ወይም በሰፈሩ መንገድ ላይ ለመጫወት ይተው። ሩቅ የሰዓት ልዩነት ከተሻገሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ያቅልሉ፤ በየአራተኛው ቀንም ምንም ያልታቀደበት ቀን ያኑሩ። ያን ቀን ምን እንደሚደረግ ልጆቹ ይወስኑ፤ ካርታውን ትልቁ ይያዝ፣ የአውቶቡሱን ሒሳብ ትንሹ ይክፈል።