ከቤት ሆኖ፣ ጤና በፈቀደ ሰዓት፦ ለአካል ጉዳተኞች የኦንላይን ሳይድ ስራ አጀማመር

ሊፍቱ ሲፈልግ ብቻ የሚሰራ ህንፃ 4ኛ ፎቅ ላይ ቢሮ ያለው ቀጣሪ «እንደውልልሃለን» ብሎ የሸኛችሁ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። ህጉማ አለ፣ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪው የስራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛ እንዲያመቻች ያስገድዳል፣ ግን እሱ እስኪተገበር የቤት ኪራይ አይጠብቅም። ስለዚህ ላፕቶፕ ወይ ደህና ስልክ ያለው ሰው እቤቱ ሆኖ፣ ህመሙ ጋብ ባለለት ሰዓት እየሰራ ትንሽ ዶላር እንዴት ያገኛል የሚለውን ላስረዳ። ደሞዝ ይተካል አልልም፣ መጀመሪያ አካባቢ ለኢንተርኔት ጥቅል ብቻ ቢበቃ አይግረማችሁ።

ስራ ከመምረጣችሁ በፊት አከፋፈሉን ምረጡ። ብዙ ሰው ይሄን ስለማይነግራችሁ ነው ረዘም አድርጌ የምለው። አፕወርክ (ክላየንት የሚባለው አሰሪና ስራ ፈላጊ የሚገናኙበት ዌብሳይት) ላይ ስራ ሁለት አይነት ነው፣ በሰዓት እና ፊክስድ ፕራይስ፣ ማለትም ለሙሉ ስራው በአንድ የተቆረጠ ዋጋ። በሰዓት ስትሰሩ ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚጫን ትራከር አለ፣ በየ10 ደቂቃው አንዴ ስክሪናችሁን ፎቶ እያነሳ ኪቦርድና ማውዝ ስንቴ እንደነካችሁ ይቆጥራል። በድምጽ የሚጽፍ ሰው፣ በአንድ እጁ የሚሰራ፣ ወገቡን ሊያሳርፍ መሀል ላይ ጋደም የሚል ሰው እዛ ላይ ሰነፍ ነው የሚመስለው፣ ስራውን አንደኛ አድርጎ ቢያስረክብ እንኳ። ፊክስድ ላይ ግን ክላየንቱ ብሩን አስቀድሞ ኤስክሮ (ስራው እስኪያልቅ አፕወርክ ገንዘቡን ይዞ የሚያቆይበት) ውስጥ ያስቀምጣል፣ እናንተ ሌሊት 8 ሰዓት ስሩት ረፋድ ላይ ስሩት ማንም ምን አገባው፣ ካስረከባችሁ በኋላ ክላየንቱ ድምጹን ቢያጠፋ እንኳ በ14 ቀን ክፍያው ራሱ ይለቀቃል። ኤስክሮው ውስጥ ገንዘብ መግባቱን ሳታዩ ግን አንዲት መስመር እንዳትጽፉ።

ፋይቨር የሚባለው ሌላው የስራ ዌብሳይት ደግሞ ለጀማሪ ይቀላል፣ ምክንያቱም አፕወርክ ላይ ለስራ ለማመልከት ኮኔክት የሚባል የማመልከቻ ነጥብ ያስፈልጋል፣ አንዱ 0.15 ዶላር ነው፣ በነጻ የተሰጣችሁ ሲያልቅ በዶላር መግዛት ነው፣ የተለመደው የብር ኤቲኤም ካርዳችን ደግሞ ውጪ ሀገር አይከፍልም። ፋይቨር ላይ አገልግሎታችሁን ጊግ (የምትሸጡት ስራ ማስታወቂያ) አድርጋችሁ ትለጥፋላችሁ፣ ሰው መጥቶ ያዛል፣ የማስረከቢያ ቀኑን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። 2 ቀን የሚፈጅባችሁን 5 ቀን ብላችሁ ጻፉ፣ መብራት ይጠፋል፣ ህመም ይነሳል፣ ቀድሞ ማስረከብ ማንንም አያስቀይምም። የከፋ ሳምንት ሲመጣ ትእዛዝ መቀበል የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ አለው፣ ተጠቀሙበት። ቆረጣው ግን ይከብዳል፣ ፋይቨር 20 ፐርሰንት ይወስዳል፣ አፕወርክ እንደ ስራው እስከ 15 ድረስ፣ ዋጋ ስታወጡ ይሄን ጨምራችሁ አስቡት።

ምን ልሽጥ ለሚለው የኔ መልስ አማርኛ ነው። ሎጎ ዲዛይን ላይ ከመላው አለም ጋር ከምትጋፉ አማርኛ ትርጉም፣ የአማርኛ ድምጽ ወደ ጽሁፍ መቀየር፣ ሰብታይትል፣ ድምጽ ቀድቶ መስጠት ላይ ተፎካካሪው በጣም ያነሰ ነው (ኦሮምኛ ወይ ትግርኛም የምትችሉ በተለየ ጊግ አስገቡት)። ትርጉም ላይ አንድ ነገር ያዙ፣ ክፍያ በቃል ብዛት ከሆነ ከእንግሊዝኛው ጽሁፍ እንዲቆጠር ቀድማችሁ ተስማሙ። አማርኛ «በ»ውንም «ከ»ውንም «የ»ውንም ከቃሉ ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍ ቁጥሩ ይቀንሳል፣ በአማርኛው ካስቆጠራችሁ ለራሳችሁ ቅናሽ አደረጋችሁ ማለት ነው። ድምጽ ወደ ጽሁፍ ላይ ደግሞ የ1 ሰዓት ቅጂ ጥራት ቢኖረው እንኳ 4 ሰዓት ገደማ ይበላል፣ ሶስት ሰው በአንዴ የሚያወራበት ከሆነ ይብሳል፣ ናሙና ሳትሰሙ ዋጋ አትጥሩ።

መሳሪያው እንደየጉዳቱ ይለያያል። ማየት ለተሳነው ኤንቪዲኤ የሚባለው የኮምፒውተር ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምጽ የሚያነብ ፕሮግራም) ነጻ ነው፣ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው ድምጽ አማርኛ ያነባል፣ ድምጹ የሮቦት ነው ግን ይለመዳል፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ይሄንኑ የሚሰራ ቶክባክ አለ። ጣጣው ያለው ፋይሉ ላይ ነው፣ ዩኒኮድ (የዛሬ መሳሪያዎች ሁሉ የሚያውቁት የፊደል አጻጻፍ) ባልሆኑት የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዶክመንት ስክሪን ሪደር ሲያነበው የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ነው የሚሆነው፣ ስካን ተደርጎ የመጣ ፒዲኤፍ ደግሞ ፎቶ ስለሆነ እንዲሁ አይነበብም። እጁ ለማይታዘዝለት ሰው ጂቦርድ የሚባለው የጉግል የስልክ ኪቦርድ በአማርኛ ሲያወሩት ይጽፋል፣ ኮምፒውተር ላይ ጉግል ዶክስን ክሮም ላይ ከፍታችሁ የድምጽ መጻፊያው ላይ አማርኛን መምረጥ ትችላላችሁ፣ ነጥብና ስማቸው ከበድ ያለ ሰዎችን በኋላ በእጅ ማረም ነው። በአንድ እጅ ለምትሰሩ ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን 5 ጊዜ ስትጫኑ ስቲኪ ኪይስ ይመጣል፣ ኮንትሮልንና ሌላውን ቁልፍ አንድ ላይ መያዝ ይቀራል። ድምጽ ስትገለብጡ ኦትራንስክራይብን ሞክሩት፣ ነጻ ነው፣ ብሮውዘር ላይ ይሰራል፣ ኢስኬፕ ስትጫኑ ይቆማል፣ ኤፍ1 ወደኋላ ይመልሳል፣ ማውዝ ፍለጋ መንከራተት የለም። መስማት ለተሳናችሁ ቪዲዮ ኤዲቲንግና የፎቶ ዳታ መለየት (ፎቶው ላይ ያለውን ነገር ስም እየሰጡ ምልክት ማድረግ) ይሻላል፣ ፕሮፋይላችሁ ላይ «ግንኙነት በቻት ብቻ» ብላችሁ ብትጽፉ «ካል እናድርግ» ከሚል ክላየንት ትገላገላላችሁ። ጭራሽ አዲስ ሙያ መማር ከፈለጋችሁ መንግስት የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ኮርሶች በነጻ አሉ፣ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አንድሮይድ፣ ኤአይ፣ በራስ ሰዓት ነው የሚማሩት።

አካል ጉዳተኛ መሆኔን ልናገር? ይሄ ጥያቄ ሁሌ ይነሳል። እኔ እንደሚመስለኝ ክላየንቱ ማወቅ ያለበት ስራውን የሚነካውን ያህል ብቻ ነው፣ ፕሮፋይል ላይ የህይወት ታሪክ መጻፍ ሃዘኔታ እንጂ ትእዛዝ ብዙም አያመጣም። ስራው ላይ ከገባ ግን ቀጥ አድርጎ መናገር ነው፣ «የምሰራው በስክሪን ሪደር ስለሆነ ፋይሉን በፎቶ ሳይሆን በወርድ ላኩልኝ» ብትሉ በቃ፣ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር የለም። ስክሪን ሪደር የምትጠቀሙ ሰዎች እንደውም ይሄንኑ መሸጥ ትችላላችሁ፣ ዌብሳይትና አፕ ለማየት ለተሳነው ይሰራል አይሰራም ብሎ መፈተሽ ራሱን የቻለ ጊግ ነው።

ብሩ እንዴት ይመጣል? ፔይፓል ከኢትዮጵያ አካውንት መላክ እንጂ መቀበል ስለማያስችል እሱን እርሱት፣ ፔዮኒር የሚባለው የኦንላይን ገንዘብ መቀበያ አካውንት ነው የሚሰራው፣ ከዛ ወደ ሀገር ውስጥ ባንክ አካውንታችሁ ታወጡታላችሁ። በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ከማውጣት አጠራቅሙት፣ ክፍያ ይበላዋል። ዋናው ራስ ምታት ስም ነው። ፓስፖርት ላይ፣ ፔዮኒር ላይ፣ ፋይቨር ላይ፣ ባንክ ላይ ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ አይነት መሆን አለበት፣ ባንኩ «ጸጋዬ»ን በአንድ አይነት ስፔሊንግ ፓስፖርቱ በሌላ ከጻፈው፣ ወይ አንዱ ጋ የአያት ስም ካለ ሌላው ጋ ከሌለ ቬሪፊኬሽን (ማንነት ማረጋገጫው) ላይ ይይዛችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ ፓስፖርቱን ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ ሁሉንም ከሱ ላይ ገልብጡ፣ ባንክ ያለውን አስተካክሉ፣ ዊልቸር ይዞ ወይ ሰው አስከትሎ አንድ ቀን መመላለሱ ዶላሩ ታግዶ ከመመላለስ ይሻላል።

ቴሌግራም ላይ «ለአካል ጉዳተኞች ልዩ እድል» እያሉ መመዝገቢያ 500 ብር የሚጠይቁትን፣ መጀመሪያ ገንዘብ አስገብታችሁ ላይክ በማድረግ ትርፍ ታገኛላችሁ የሚሉትን ሳትመልሱ ብሎክ አድርጉ፣ ስራ ሰጪ ነው የሚከፍለው። «አካውንትህን አከራየኝ በወር እከፍልሃለሁ» የሚልም ይመጣል፣ በተለይ መታወቂያና ፓስፖርት ያለው ግን ስራ ያላገኘ ሰው ይፈልጋሉ። ሲያዙ አካውንቱ ይዘጋል፣ ውስጡ ያለው ብር አብሮ ሊታገድ ይችላል፣ በስማችሁ ሌላ መክፈትም አይፈቀድላችሁም።