በራግቢ ሊግ ስክረም ጊዜ ተከላካይ የት ይቁም?

ስክረም የሁለቱ ቡድን ተጫዋቾች ተያይዘውና ተፋጠው የሚገፋፉበት፣ ኳስ በመካከላቸው ገብቶ ጨዋታ የሚቀጥልበት መንገድ ነው። ስምንት ስምንት ሆነው ሲገፋፉ ያያችኋቸው ተጫዋቾች የራግቢ ዩኒየን ናቸው። እዚህ የምናወራው በ1895 ሀደርስፊልድ ላይ ተነጥሎ ስለወጣውና ከ1906 ጀምሮ በ13 ሰው ስለሚደረገው ራግቢ ሊግ ነው። በሊግ ከየቡድኑ ስድስት ሰው ይገባል፤ ፊት ሦስት፣ ቀጥሎ ሁለት፣ መጨረሻ አንድ። ግፊያው ዛሬ ለወጉ ያህል ነው፤ ኳሱን ያስገባው ቡድን መልሶ ማውጣቱ አይቀርም። ስለዚህ ልምምዳችሁን በግፊያ አትጨርሱት። አሥራ ሁለት ሰው አንድ ቦታ ሲጠመድ፣ 68 ሜትር ስፋት ባለው ሜዳ ላይ ሰባት ለሰባት ትቀራላችሁ። አደጋው እዚያ ነው።

ስድስቱ ይግቡ፤ ይያያዙ። ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከባዱ ርቀቱ ነው። ከስክረሙ ውጪ ያላችሁ ተከላካዮች ከራሳችሁ የመጨረሻ ረድፍ ቢያንስ 5 ሜትር ወደኋላ መሆን አለባችሁ። የሚለካው ኳሱ ከገባበት ቦታ አይደለም፤ ከመጨረሻው ሰው ጀምሮ ነው። ጀማሪ ሁለት ጊዜ ይስታል። አንዱ ኳሱን እያየ ይለካና ኦፍሳይድ (ከተፈቀደው መስመር ቀድሞ) ቆሞ ቅጣት ምት ያሰጣል። ሌላው በተለመደው ጨዋታ ከእያንዳንዱ ታክል (ኳስ የያዘውን ይዞ ማስቆም) በኋላ 10 ሜትር መመለስ ስለለመደ እዚህም 10 ይመለሳል፤ ዳኛው ምንም አይለውም፣ ተጋጣሚው ግን አምስት ሜትር በነጻ ያገኛል። እኔ ሁለተኛውን የባሰ እለዋለሁ፤ ቅጣት ስለሌለው ማንም አያርመውም። ሜዳው ላይ ምልክት ፈልጋችሁ አትድከሙ። የመጨረሻውን ሰው ተረከዝ አይታችሁ አምስት ረጃጅም እርምጃ ተመለሱ፤ የዳኛውን እጅም ተመልከቱ።

ኳሱን የማያስገባው ቡድን ሀፍባክ፣ ማለትም ከስክረሙ አጠገብ የሚቆመው የእናንተ ተጫዋች፣ ከአምስት ሜትሩ ነጻ ነው፤ ከራሱ የመጨረሻ ረድፍ ኋላ መሆኑ ይበቃዋል። ስለዚህ ጠባቡን ወገን፣ ከስክረሙ እስከ ቅርቡ የሜዳ ጠርዝ ያለውን፣ እሱ ይያዝ። ፉልባኩ (የመጨረሻው ተከላካይ) ለረጅም ምት ወደኋላ ይቅር፤ የተቀሩት አምስቱ ሰፊውን ይሸፍኑ። የተጋጣሚ ፉልባክ ወደ ማጥቂያ መስመራቸው ሲገባ አንድ ሰው እንደሚተርፋቸው እወቁ። ያኔ ተጋጣሚውን ከውስጥ ወደ ውጪ፣ ወደ ሜዳው ጠርዝ መግፋት እንጂ ክንፉን (ጠርዙ አጠገብ የሚቆመውን ተጫዋች) ብቻውን ወደ ውስጥ መጥራት አያዋጣም። ክንፉ ጥሎ ሲገባ ጥጉ ባዶ ይቀራል፤ ትራዩም (ኳሱን ከግብ መስመሩ ማዶ መሬት አስነክቶ ነጥብ ማግኘት) እዚያው ነው።

መቼ ትሮጣላችሁ? ኳሱ ሲወጣ። ወጣ የሚባለው በሁለተኛው ረድፍ ሰዎች የውስጥ እግሮች መካከል አልፎ ከኋላቸው ሲሆን ነው። ከዚያ በፊት ከስክረሙ ውስጥ ያለ ሰው ተላቆ መውጣት አይችልም፤ ውጪ ያለውም የአምስት ሜትሩን መስመር ማለፍ አይችልም። ከሩቅ ያለው ክንፍ ይህን ማየት ስለማይችል ሀፍባኩ «ወጣ!» ብሎ ይጩህ፤ ሌላ ሰው አይጩህ። ሁለት ሦስት ሰው ሲጮህ አንዱ ቀድሞ ይነሳል።

የመጀመሪያው ታክል እንደተደረገ የስክረሙ ልኬት አበቃ፤ ወደ 10 ሜትሩ ተመለሱ።